የድሮውን ሐዲድ ተከትዬ ወደ ድሬ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የምድር ባቡር ከቀረ በኋላ ትልልቆቹ ከተሞች ምን እንደሆኑ ብዙ ተወርቷል። ለገሀር ሲነሳ ሁሉም ትዝታ አለው። ስለ ድሬማ ምኑ ይወራል፤ ዘፈኑ ራሱ ይበቃል። የትንንሾቹ ጣቢያዎች፣ የኤረር፣ የጎታ፣ የአፍደም ሰው ግን ባቡሩ ሲቀርበት በምን ነው የሚሄደው? ይህን ለማየት ነው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሻንጣዬን አንጠልጥዬ የወጣሁት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ስለነበር በየደረስኩበት ጥብስ ይሸታል። ለመንገደኛ ጥሩ ሳምንት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 9፦ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ አዋሽ

መነሻዬን ለገሀር አደረግኩ። ከዚያ የሚነሳ ባቡር የለም፤ ለወጉ ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ ግርማው አሁንም አለ። ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። በአጠገቡ የከተማው ቀላል ባቡር በድልድይ ላይ ይመላለሳል። አጼ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። መሀል ላይ ኩባንያው ከስሮ ሌላ ተቋቁሟል። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ወርዱ ግን አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን መንገድ ነው።

ከቃሊቲ በ50 ብር ሚኒባስ ይዤ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ገባሁ። አዳማ ላይ አሮጌው ጣቢያ መሀል ከተማ ነው ያለው። ሐዲዱ መሀል ሣር በቅሏል። አንድ ሰው ሸራ ወጥሮ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይጠግናል። ባቡሩ ይናፍቅህ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። «ምን ይናፍቀኛል? እሱ ቢመጣ እኔ የት ልቀመጥ ነው?» አለኝ። ትክክል ነው። አዳማ አስፋልት አለው፣ ፈጣን መንገድ አለው፣ ሚኒባስ በየደቂቃው አለው። ባቡር ቀረ ብሎ ከቤቱ የቀረ የአዳማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ምሳ ጥብስ በላሁ፣ 110 ብር። ከዚያ በ70 ብር ወደ አዋሽ።

መተሐራ ስንደርስ መንገዱ ሐይቅ መሀል ገባ። በሰቃ ነው። ይህ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ አስፋልቱንም የድሮውንም ሐዲድ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። መንገዱን በድንጋይ ከፍ እያደረጉ ነው ያዳኑት። ግራ ቀኝ ውሃ፣ ከውሃው ዳር ከፈንታሌ ተራራ የወረደ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ውሃው ሲያዩት ያስጎመጃል። ጨዋማ ነው፤ ለእርሻ አይሆንም። አጠገቤ የተቀመጠ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ «እኛ አገር ውሃ ሞልቶ ውሃ የለም» አለኝና ተመልሶ ተኛ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የገባሁት ወደ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ሙቀቱ ከመኪና ሲወርዱ ፊት ላይ ይለጠፋል። 250 ብር ከፍዬ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። ቬንትሌተሩ ድምፅ አለው፣ ንፋስ የለውም። ውሃ ሲጠየቅ ማታ ትመጣለች ይባላል። ማታ ሲጠየቅ ጠዋት።

ያካካሰልኝ ቡፌ ዳዋሽ ነው። ጣቢያው አጠገብ ያለ የድሮ ሆቴል ነው፤ በረንዳው ላይ የወረቀት አበባ ተንዠርግጓል። የዱሮ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ ሰው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ነገሥታትም ነጋዴዎችም እዚህ በረንዳ ላይ አምሽተዋል ማለት ነው። እኔም ቢራዬን ይዤ አመሸሁ።

ጎረቤት ጠረጴዛ የነበሩ የከተማው ተወላጅ ወሬያቸው ሁሉ መጨረሻው ጥር 6 ቀን 1977 ነው። ያን ቀን ባቡሩ ከአዋሽ አቅራቢያ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 ሰው በላይ አለቀ። «ልጅ ነበርኩ። ከቤታችን አንሶላ ሁሉ ተወሰደ» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ሰንበት አሉና የቢራ ዋጋ መጨመሩን አነሱ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10፦ ሚኤሶ

ከአዋሽ ሚኤሶ ድረስ ሜዳ ነው። ቦርደዴ አካባቢ ሴቶች መንገድ ዳር በቢጫ ጀሪካን የግመል ወተት ይዘው ይቆማሉ። ሹፌሩ ሳይጠየቅ አቆመ። አንድ ጣሳ 10 ብር። ጭስ ጭስ ይላል፣ ቆንጠጥ ያደርጋል። ከተማ ውስጥ በብርጭቆ ከሚሸጠው ጋር አይገናኝም። ከኋላ የነበረች ልጅ «ለለመደው ነው፣ ቀስ በል» ብላ መክራኝ ነበር። አልሰማኋትም። ማታውን አስታወስኳት።

ሚኤሶ ጣቢያ ግድግዳው ተላልጧል፤ የከተማዋ ስም የተጻፈበት ቦታ በጭንቅ ይነበባል። ሐዲዱን ፎቶ ሳነሳ ሁለት ጎረምሶች መጡ። ትንሽ ቆየት ብሎ አንድ ሽማግሌ ተከተሉ።

«ሚዛንህ የት አለ?» አሉኝ።

«የምን ሚዛን?»

«ብረት ልትገዛ አይደል የመጣኸው?»

ለካስ በዚህ መስመር ሐዲድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚታወቀው በቆራሌነቱ ነው። ወደ ሰፈሩ ገባ ስል ገባኝ። የአጥሩ ቋሚ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው ብረት ነው። የበረቱ መዝጊያ ያው ነው። አንዱ ቤት ቁራጭ ሐዲድ የበር ደፍ ሆኗል። መንግሥት ሲተወው ሰው ወሰደው፤ እኔ እንኳ በዚህ ሰውን ለመውቀስ አንደበት የለኝም።

ጣቢያው ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አሉ። ሰው ሁሉ አዴ ይላቸዋል። ሲኒው 5 ብር። ባቡሩ ሲመጣ ምን ይሸጡ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«እንቁላል እቀቅላለሁ። የማሽላ ቂጣ እጋግራለሁ። ቲማቲም አለ፣ ወተት አለ። ባቡሩ ሲጮህ ሁሉም ይሮጣል። በመስኮት ይቀበሉሃል፣ በመስኮት ይከፍሉሃል። አንዳንዱ ሳይከፍል ባቡሩ ይነሳል። በተመለሰ ጊዜ ግን ይከፍላል፤ ያው ባቡር ነዋ።»

አሁን በየቀኑ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ብዛት አሳየኋቸው። መንገዱ በተሳቢ ተሞልቷል። «እሱማ ያልፋል» አሉ፤ «አቁሞ እንቁላል የሚበላ ሹፌር አለ?»

እቅዴ ከዚህ ተነስቼ በቆላው በኩል ወደ አፍደም መሄድ ነበር። በድሮው ባቡር ከሚኤሶ ቀጥሎ ሙሉ፣ ከዚያ አፍደም ነው። ቅርብ ነው። መናኸሪያው ውስጥ አፍደም ስል ረዳቶቹ ተያዩ። አንዱ የገበያ ቀን ጠብቅ አለኝ። ሌላው ኢሱዙ ካገኘህ ከላይ ትጫናለህ አለ። ሦስተኛው ደግሞ በጣም ቁም ነገረኛ ፊት አድርጎ «በቁልቢ ዙረህ ድሬ ግባ፣ ከድሬ ወደ ኋላ ተመለስ» አለኝ። ቆላው ውስጥ ፊት ለፊት ያለ ከተማ ለመድረስ ተራራ ወጥቶ፣ ተራራ ወርዶ፣ ከወዲያ በኩል መምጣት። ሳስበው ሳቄ መጣ። ግን የሦስተኛው ልጅ ምክር ነው ያዋጣው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11፦ ጭሮ፣ ሂርና፣ ቁልቢ

ይህን ቀን ባሳጥረው ይሻላል። ከሚኤሶ በኋላ አስፋልቱ ተራራ ይዞ ይወጣል። አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ደመና ውስጥ ነበረች። ሂርና ላይ በያይነቱ በላሁ፣ 40 ብር፤ ሽሮዋ ላይ የጣሉት ቃሪያ እስከ ቁልቢ ሸኘኝ። ቁልቢ ገብርኤልን ከመኪና ሆኜ ተሳለምኩ። ከታኅሣሥ 19 እና ከሐምሌ 19 ውጭ ሲያዩት ሰፈሩ ባዶ ነው።

ከደንገጎ ቁልቁል ሲወረድ ጆሮ ይደፍናል። ጃኬት ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ። ባቡር ይህን ተራራ ሊወጣው አልቻለም። ለዚህ ነው ሐዲዱ ሐረርን ትቶ ከሥር በቆላው ያለፈው፤ ለዚህ ነው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ የተባለች ከተማ የበቀለችው። ባቡር ከተማ ለመፍጠሩ ከድሬ በላይ ማስረጃ የለም። ድሬ ግን ዕድለኛ ነች፤ ኋላ አስፋልት መጣላት፣ አውሮፕላን መጣላት፣ ፋብሪካ መጣላት። በዚያው ሐዲድ የተፈጠሩት ታናናሾቿ ናቸው ምንም ሳይመጣላቸው የቀሩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 12፦ ድሬዳዋ

ከዚራ በጠዋት መራመድ ነፍስ ያለመልማል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ ያለው። ባጃጅ በነፍስ ወከፍ 5 ብር ነበር፤ ገና እጅ ሳያወጡ ይቆማል። ሳሪስ ታክሲ ለመያዝ አርባ ደቂቃ ተሰልፎ ላደገ ሰው ይህ ቅንጦት ነው።

አሮጌው ጣቢያ ገባሁ። ጥበቃው አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ጠሩልኝ፤ ለማስጎብኘት 100 ብር ተስማማን። ጋሼ ስላቸው «አቦ፣ ጋሼ አትበለኝ፣ አረጀሁ እንዴ» አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ቀጥታ ወደ ጋራዡ ወሰዱኝ። የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽኖቹ እንደ ቆሙ ናቸው፤ ታርጋቸው ላይ የፈረንሳይ ከተማ ስም ተጽፏል። አንዱን ማሽን በመዳፋቸው ጠረጉትና ጣታቸውን አሳዩኝ። ዘይት ነው። አሁንም ይቀቡታል። «ይኼኛው ቢነሳ ዛሬም ይሠራል» አሉ። ብሎን ሲቆጥሩ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥሩት፤ ሲሳደቡ በሶማልኛ፤ ሲያስረዱኝ በአማርኛ።

የትኬት ክፍሉ ውስጥ የእንጨት መደርደሪያ አለ። በየሳጥኑ ላይ የጣቢያ ስም ተለጥፏል። ትንሿ ወፍራም የካርቶን ትኬት እዚያ ውስጥ ነበር የምትደረደረው። ሁርሶ። ኤረር። ጎታ። አፍደም። ሙሉ። ሚኤሶ። ስሞቹን ሳያዩ በቃላቸው እየጠሩ ጣታቸውን በየሳጥኑ ላይ አሳረፉ። የሁርሶው ሳጥን ከሌላው ይልቅ ጠርዙ ተልጧል። ለምን ስላቸው ወታደር አሉኝ። ሁርሶ ማሰልጠኛ አለ፤ ፈቃድ የወጣ ወታደር ሁሉ ድሬ ይመጣ ነበር።

ለምን ቆመ? እሳቸው ጥፋቱን አንድ ቦታ አይጥሉም። ሐዲዱ አርጅቷል። መለዋወጫ ጠፋ። መኪና በዛ፤ በተለይ ከ1990 በኋላ የአሰብ በር ሲዘጋ የጅቡቲን ጭነት ተሳቢዎች ወረሱት። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰጥቶበት የተጀመረው ጥገና ዳር ሳይደርስ ቀረ። መጀመሪያ የአዲስ አበባው ተቋረጠ። የጅቡቲው ጥቂት ተንጠልጥሎ ቆየ፤ እሱም ቆመ፤ በ2005 ገደማ እስከ ጠረፍ ድረስ ነፍስ ዘርቶ ነበር፤ ከዚያ አዲሱ መጣና ተረሳ። «ማንም ተነስቶ ዘጋነው አላለም» አሉ። «ዛሬ የለም ይባላል፣ ነገ ይታያል ይባላል። ሰዉ ጣቢያ ሄዶ እየተመለሰ ነው ያወቀው።»

እኔ ባቡር ማለት ሰውና ዕቃ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ውሃ ነው የነገሩኝ። ወደ ጅቡቲ በኩል ያሉ በረሃ ላይ የተተከሉ ጣቢያዎች ጉድጓድ የላቸውም፤ ውሃ የሚሄድላቸው በፉርጎ ነበር። ከጣቢያው ሠራተኛ የተረፈውን መንደሩ ይጠጣዋል። መንደሩ መጀመሪያውኑ እዚያ የሰፈረው በዚያ ውሃ ነው።

ከሰዓት ታይዋን ገበያን ዞርኩ። የጅቡቲው ባቡር የኮንትሮባንድ ባቡር ነበር፤ ይህን ድሬ ላይ ማንም አይደብቅም። ሴቶቹ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ቦንዳ ልብስ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ፊናንሱ፣ ማለትም የጉምሩክ ጠባቂው፣ ይጠብቃል፤ እነሱ ባቡሩ ጣቢያ ሳይገባ በመስኮት ይወረውራሉ፤ ዘመድ ከታች ይቀልባል። አሁን በመኪና ይመጣል። «ያኔ ሃምሳ ሴት ትበላበት ነበር፤ አሁን አንድ ባለመኪና ይበላል» አለኝ አንድ ጫማ ሻጭ፣ እንደ ጨዋ የንግድ ዘርፍ እየተነተነ። ሕጉን ወደ ጎን ብዬ ሒሳቡን ሳየው ስህተት አላገኘሁበትም።

ማታ ቀፊራ አካባቢ ሳምቡሳና ሙሸበክ። የሙሸበኩ ስኳር እስከ ክርን ይወርዳል።

ዓርብ፣ የካቲት 13፦ ኤረር

ከድሬ ኤረር 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሚኒባሱ ለሰው 60 ብር ይል ነበር፣ ለዘንቢል 30። ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በዚህ ሁለት ሰዓት ውስጥ የድሮው ባቡር ኤረር ደርሶ ነበር ያሉኝ አንድ ተሳፋሪ ትንሽ ሳያጋንኑ አልቀሩም።

መንገዱ ጠጠር ነው፣ አቧራ ነው። ሁርሶን አልፈን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ወረደ፤ እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ ጎማውን በሚያልፍ መኪና ጭኖ ወደ ሁርሶ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ፤ እኛ ግራር ሥር ቁጭ። አንዲት እናት ሐብሐብ ከፈሉ። አንዱ ጫቱን ዘረጋ። አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ድሬ ሆስፒታል ለክትትል ሄዳ መመለሷ ነው። የቀጠሮዋ ቀን ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ለመድረስ ረቡዕ ትወጣለች፤ ዓርብ ትመለሳለች። ለአንድ ቀጠሮ ሦስት ቀን። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ትከሻዋን ከግንዱ አስደግፋ ተኛች። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ኤረር ስንደርስ ጁምዓ ተሰግዶ አብቅቷል። ጣቢያው ውስጥ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ የመንገደኛ ማረፊያው ውስጥ ፍየል ታስሯል። ከጣቢያው ባሻገር አረንጓዴ ይጀምራል። በዚያ ሁሉ አቧራ መሀል የፍራፍሬ አትክልት ቦታ ይገጥማል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ዘይቱን። አንዲት ዘይቱን ሻጭ ቤቷ አስገባችኝ። ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠርታ ነበር፣ ሻይ በግመል ወተት አከለችበት። ልክፈል ስላት ተቆጣች። ብርቱካን ልግዛ ስል ታረቀችኝ፤ ኪሎው 15 ብር። ሳሪስ ላይ ያን ሰሞን ብርቱካን ከ50 ብር በታች አልገዛሁም።

በመሀል ያለው የዋጋ ልዩነት የት ገባ? እሷ አሳጥራ ነገረችኝ። ባቡር ሳለ ሴቱ ሁሉ በየራሷ ሁለት ሦስት ዘንቢል ይዛ ትሳፈራለች። ለዘንቢል የሚከፈለው ጥቂት ነው፤ ተቆጣጣሪውም ያውቃታል። ድሬ ትሸጣለች፣ ስኳርና ዘይት ትገዛለች፣ ትመለሳለች። ድሬ ላይ ዋጋው ቢወርድ ሌላ ቀን ትጠብቃለች። አሁን ኢሱዙ ያለው ደላላ ይመጣል። ዋጋውን እሱ ይናገራል። በዚህ ዋጋ አልሸጥም ካለች ብርቱካኑ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል፤ በሚኒባስ ልውሰደው ካለች ትርፉን ለዘንቢሉ ትከፍላለች። የዚያን ዓመት ደግሞ አንበጣው አለ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ድሬ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን በአንበጣ መንጋ ሳያርፍ የቀረበት ዓመት ነው። ኤረርም አልቀረለትም፤ ጫፉ የተበላ ዛፍ አሳየችኝ።

አዲሱ ባቡርስ? አልኳት።

«ያልፋል» አለች። ያንኑ የሚኤሶዋን ቃል።

ማታ ፍልውሃው ሄድኩ። ውሃው ከድንጋይ ሥር ትኩሱን ይወጣል። የጉዞው አቧራ ሁሉ እዚያ ቀረ። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈን ሳለ ከሩቅ ረጅም የጭነት ባቡር ሲያልፍ ተሰማ። አጠገቤ የነበረ ተማሪ ፉርጎውን በድምፁ መቁጠር ጀመረና ተወው። ድሬ ነው የሚማረው። በየሳምንቱ ቤቱ ይመጣ እንደሆነ ስጠይቀው በወር አንዴ አለኝ። ታላቅ ወንድሙ በባቡሩ ጊዜ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር።

በነጋታው በለሊት ፒክአፕ ተገኘ፤ ጋቢናው ተይዞ ከኋላ በ50 ብር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14፦ በአዲሱ ባቡር

አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ባጃጁ ኮንትራት 80 ብር አለኝ፣ በ60 ተስማማን። ጣቢያው ግዙፍ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያው ሜዳ ነው። ሻይ የሚሸጥ ሰው እንኳ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚቆመው። መሄድ ያሰበ ሰው መታወቂያውን አይርሳ፤ በእኔ ጊዜ የመንገደኛው ባቡር አንድ ቀን ሄዶ በማግስቱ የሚመለስ ስለነበር ተራውንም ቀድሞ ይጠይቅ።

ባቡሩ ላይ ክፉ አልናገርም። ይህ በመስከረም 2009 ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። ወንበሩ ይመቻል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ድሮ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረውን መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ያደርሳል። አገሪቱ ዕቃዋን በአብዛኛው በጅቡቲ ነው የምታስገባው፤ ለጭነት ይህን መሥራት ግድ ነበር። ድሮውንም ማሽሞንሞን አያስፈልግም፤ ሐዲድ የሚስት፣ ጣራው ላይ ሰው የሚጫን፣ በጉቦ ወንበር የሚገኝበት ባቡር ነበር። የእኔ ጥያቄ ትንሽ ናት። በዚህ ሁሉ ኃይለኛ ሐዲድ ላይ ሁለት ፉርጎ የምትጎትት፣ በቀን አንዴ ከሚኤሶ ድሬ እየቆመች የምትሄድ ባቡር ማስገባት ይህን ያህል ከባድ ነው? ትርፍ አታመጣም ይሉኝ ይሆናል። ለኤረር ነፍሰ ጡር ሦስቱን ቀን አንድ ቀን ካደረገችላት እኔ ትርፍ ብዬ እመዘግበዋለሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት የኤረር ሰው ሆነው ተገኙ። ልጃቸው አዲስ አበባ ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ነው። እግራቸው ሥር ዘንቢል አለ፤ ቅቤና ዘይቱን። ከኤረር ትናንት ወጥተው፣ ድሬ በ150 ብር አልጋ ይዘው አድረው፣ ዛሬ ወደ መጡበት አቅጣጫ ነው የሚመለሱት። ከድሬ ከተነሳን ጥቂት ቆይቶ ስልካቸውን አወጡ።

«አንተ! ውጣ፣ ውጣ፣ እየደረስን ነው። እጅህን አውለብልብ።»

መስኮቱ ላይ ተደፋን። ኤረር ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ነው፤ ግራሩ፣ ከዚያ አረንጓዴው ጫፍ ብቻ ይታያል። ባቡሩ አልቀነሰም። ሐዲዱ ዳር ሁለት ግመልና አንድ እረኛ አየን። ልጅየው የለም።

«የት ሄደህ ነው?» ብለው ጮኹ። ከወዲያ የሚለውን ሰምተው ስልኩን ዘጉት። «ፀሐይ ነው አለኝ እኮ፣ ይኼ ሰነፍ!»

ከዚያ እስከ አዳማ ስለ ምራታቸው አወሩኝ፤ የምራታቸውን ጉድ እዚህ አልጽፈውም። ዘይቱኑን ግማሽ ያህል በልተነዋል።

ፉሪ ለቡ ስንደርስ መሽቷል። ይህም ጣቢያ ከከተማው ዳር ነው። የላዳ ሹፌሮች በር ላይ ተኮልኩለዋል። እናትዬው መርካቶ ነው የሚሄዱት፤ የመጀመሪያው ሹፌር 400 ብር አላቸው። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡና ወገባቸውን ያዙ።

«ከኤረር ድሬ 60 ብር ነው የከፈልኩት፤ ለዚያውም ዘንቢሉን ጨምሮ 90!»

«እማማ፣ ያ ኤረር ነው» አላቸው።

«አንተ ኤረርን የት ታውቀዋለህ?»

የቀጨኔ ልጅ ነኝ አለ። በ250 ተስማማን፤ ሳሪስ ላይ እኔን አውርዶ እሳቸውን እንዲያደርስ። ድርሻዬን ከፍዬ ስወርድ ለሹፌሩም ዘይቱን እየሰጡት ነበር።